«ዐሥራ አምስቱን መሥዋዕት ከ19 ቀን በላይ መቀጠል አቃተኝ»

«ውድ አዘጋጆች፤ የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። በአንድ ድርጅት ሂሳብ ክፍል እሠራለሁ፤ የምኖረው ከወንድሜና ከሚስቱ ጋር ነው። ስለ ቅድስት ተሬዛ ዘሕፃን ኢየሱስ ካነበብኩ ወዲህ ‹ትንሿን መንገድ›፣ ማለትም ትንንሽ ነገርን በፍቅር እያደረጉ ወደ እግዚአብሔር መሄድን፣ ልከተል ወስኜ ደብተር ገዛሁ። በቀን 15 ትንንሽ መሥዋዕት አቀርባለሁ፣ ጠዋት 40 ደቂቃ እጸልያለሁ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ ብዬ ጀመርኩ። የሄድኩት 19 ቀን ነው። ጸሎት ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ መቁጠሪያ ስደግም ሐሳቤ ቢሮ ይሄዳል፤ ጨጓራዬም ተነሣብኝ። ከሁሉ የባሰችብኝ የወንድሜ ሚስት ናት። በሠራሁት ሁሉ እንከን አታጣም፤ ልጸልይ ስቀመጥ የስልኳን ቪዲዮ ጮክ አድርጋ ትከፍታለች። ፈገግ እያልኩ ቻልኳት፤ በሃያኛው ቀን ግን ጮኽኩባት። ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም። አሁን ስጸልይ ከግድግዳ ጋር የማወራ ይመስለኛል። ገዳም ብገባ ይሻለኝ ይሆን? ወይስ ይህ መንገድ ለእኔ ዓይነቷ አይደለም?»

ውድ ጠያቂያችን፤

ከደብተሩ እንጀምር። የሂሳብ ሰው ነሽና ዓምድ ከፍለሽ፣ ቀን ጽፈሽ፣ ድምር አስቀምጠሽ እንደያዝሽው መገመት አያዳግትም። ፈረንሳዊቷ ገዳማዊት ቅድስት ተሬዛም በልጅነቷ ትቆጥር ነበር። በአራት ዓመቷ ታላቅ እኅቷ ማሪ በጎ ሥራ መቁጠሪያ የሚሆን ዶቃ ሰጥታት፣ አንድ ነገር ለእግዚአብሔር ብላ በተወች ቁጥር እጇን ኪሷ ከትታ አንድ ዶቃ ትስብ እንደነበር እናቷ ዜሊ በደብዳቤ ጽፋለች። በ1884 ለመጀመሪያ ቁርባኗ ስትዘጋጅም (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሁለተኛዋ እኅቷ ፖሊን ደብተር አበጅታላት በየቀኑ ትሞላ ነበር። ስለዚህ መቁጠር በራሱ ክፉ ነው አንልም። የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅን ለጥቂት ሳምንታት ጥሩ አድርጎ ያስተምራል።

ያቺ ልጅ ግን አደገች። ኤፕሪል 9 ቀን 1888፣ በ15 ዓመቷ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ሊዝዩ ከተማ ወደሚገኘው የቀርሜሎስ ገዳም ገባች። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 1893፣ ለእኅቷ ለሴሊን የጻፈችው ደብዳቤ ለአንቺ የተላከ ይመስላል። የነፍስ መሪዎች ብዙ የትሩፋት ሥራ በማሠራት ሰውን ያሳድጋሉ፣ ልክም ናቸው፤ የእኔ መሪ ኢየሱስ ግን ሥራዬን እንድቆጥር አያስተምረኝም፣ ሁሉን በፍቅር እንዳደርግ እንጂ ትላታለች። የሚገርመው በዚያው ወር ለአንዲት የገዳም ጓደኛዋ ስትል የበጎ ሥራ ዶቃ መቁጠር እንደገና እንደያዘች፣ ለእርሷ ግን እምብዛም እንደማይስማማት መናገሯ ነው። የቆጠረችው ጓደኛዋን ለማገዝ ነበር።

አንቺ የቆጠርሽው ለምን ነበር? 15 በ19 ሲባዛ 285 ይመጣል። 285 መሥዋዕት አቅርበሽ በሃያኛው ቀን ጮኽሽባት። ይህ የሆነው ትዕግሥትሽ አንሶ አይመስለንም። እያንዳንዱን ፈገግታ ስትመዘግቢ የወንድምሽ ሚስት ሳታውቀው ባለዕዳሽ ሆነች፤ በእናንተ ቋንቋ ተሰብሳቢ ሂሳብ ሆነች። እርሷ ደግሞ ምንም አልከፈለችም፤ ቪዲዮዋን እንደ ልማዷ ከፈተች። በሃያኛው ቀን የጮኸው ያልተከፈለው ዕዳ ነው።

ተሬዛ ጁን 9 ቀን 1895፣ በቅድስት ሥላሴ በዓል፣ ራሷን ለእግዚአብሔር ምሕረት ስታቀርብ የጻፈችው ጸሎት ላይ በሕይወቴ ማታ ባዶ እጄን በፊትህ እቆማለሁ፣ ሥራዬን እንድትቆጥርልኝ አልለምንህምና የሚል ሐሳብ አለ። ባዶ እጅ መቆም ለሂሳብ ሠራተኛ አስፈሪ ነገር ነው፤ እንረዳለን። የትንሿ መንገድ መግቢያ በር ግን እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ሥዕሏ ላይ ያለውን ጽጌረዳ ብቻ አይቶ ይህን በር ሳያይ ያልፋል።

በ1897 የጻፈችው ምሳሌ ደግሞ ለአማርኛ ተናጋሪ ምንም ትርጓሜ አያሻውም። በሀብታሞች ቤት ደረጃ መውጣት ቀረ፣ አሳንሰር ተተካ፤ እኔም የፍጽምናን ረጅም ደረጃ ለመውጣት በጣም ትንሽ ስለሆንኩ የሚያነሣኝ አሳንሰር እፈልጋለሁ አለች። የተጠቀመችበት የፈረንሳይኛ ቃል እኛ «አሳንሰር» ብለን የወረስነው ራሱ ነው። ፍለጋዋን በመጽሐፍ ቅዱስ አደረገች፤ ምሳሌ 9፥4ን እና ኢሳይያስ 66፥12-13ን አገኘች፤ እናት ልጇን እንደምታጽናና፣ በጫንቃዋ እንደምትሸከም የሚናገረውን። አሳንሰሩ የኢየሱስ ክንድ ነው ብላ ደመደመች። ለመነሣት ማደግ አያስፈልግም፤ ትንሽ ሆኖ መቆየት ነው።

«እንግዲያው ምንም አልሥራ?» ትዪ ይሆናል። ይህን ጥያቄ የሚመልስልሽ ለአንዲት ጀማሪ ገዳማዊት የሰጠችው ሌላ ምሳሌ ነው። ገና መቆም የጀመረ ሕፃን ከደረጃው ሥር ቆሞ እናቱ ዘንድ ሊወጣ እግሩን ያነሣል፤ ይወድቃል፤ ደግሞ ያነሣል። የመጀመሪያዋን እርከን እንኳ አይወጣም። ከላይ የሚያየው ግን ወርዶ ያነሣዋል። ያንቺ ድርሻ እግርሽን ማንሣት ነው። ስንት ጊዜ አነሣሁ ብሎ የሚቆጥር ሕፃን ደግሞ አይተሽ አታውቂም።

እርሷም ተፈጥሮዋ ገር አልነበረም። እናቷ በ1877 ከሞተችባት ጀምሮ በትንሹ የምታለቅስ፣ ከዚያም በማልቀሷ የምታለቅስ ልጅ ነበረች። በ1886 የልደት ሌሊት ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ ስጦታ የሚቀመጥበትን የልጅ ጫማዋን ያየው የደከመው አባቷ «ደግነቱ የዘንድሮው የመጨረሻው ነው» ሲል ሰማች። ዕንባዋን ውጣ፣ ደረጃውን ወርዳ፣ ስጦታዋን እየሳቀች ከፈተች። ዐሥራ አራት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀን ቀርቷት ነበር። ዐሥር ዓመት ያቃተኝን ኢየሱስ በቅጽበት ሠራው፣ ከእኔ የወሰደው በጎ ፈቃዴን ብቻ ነው ብላ ጽፋለች። አንቺ የሰጠሽው 19 ቀን ነው።

እንቅልፉ ብዙ አያሳስብሽ። ተሬዛ በጸሎትና ከቁርባን በኋላ በምስጋና ሰዓት ለሰባት ዓመት ያህል እንቅልፍ ይጥላት እንደነበር ራሷ ጽፋለች። ልታዝን ይገባት ነበር፤ አላዘነችም። ልጆች ተኝተውም ነቅተውም ወላጆቻቸው ይወዷቸዋል፣ ሐኪምም ቀዶ ጥገና ሊያደርግ በሽተኛውን ያስተኛል፣ እግዚአብሔርም ትቢያ መሆናችንን ያስባል (መዝ. 103፥14) አለች። ይህን ብሎ ግን እንቅልፍን ማመቻቸት አይደለም፤ አውቃ አልተኛችም። በአንቺ በኩል የሚስተካከል ነገር አለ። ጠዋት 40 ደቂቃ ለሠራተኛ ሰው፣ ያውም ባዶ ሆድ፣ ለጀማሪ ብዙ ነው። ወደ 15 ደቂቃ አውርጂው። አልጋ ላይ አይሁን፤ ቀጥ ያለ ወንበር ላይ ፊትሽን ታጥበሽ ተቀመጪ። ከዕለቱ ወንጌል አምስት ስድስት መስመር አንብቢ፣ አንዱን ቃል ያዢ፣ ስለ እርሱ ከጌታ ጋር ተነጋገሪ፤ ሐሳብሽ ሲሄድ ቃሉን ደግመሽ አንብቢው። ሰዓቱ ሲያልቅ ደስ ቢልሽም አታራዝሚ፣ ቢሰለችሽም አታሳጥሪ። ማታ አምሽተሽ የምትተኚ ከሆነ ግን መድኀኒቱ አልጋ ውስጥ በጊዜ መግባት ነው፤ መንፈሳዊ ምክንያት አትፈልጊለት።

መቁጠሪያውም እንዲሁ። ተሬዛ ብቻዋን መቁጠሪያ መድገም ለሥጋ ቅጣት የሚታጠቁትን ከመታጠቅ ይልቅ ይከብደኛል፣ ምሥጢሮቹን ላሰላስል ብታገልም ሐሳቤን መሰብሰብ አልችልም ብላለች። ደናግል ይህን ሲያነቡ ደንገጥ ይላሉ። ልቧ ደርቆ አንዲት ሐሳብ ሲያጥራት የምታደርገው አንድ «አባታችን ሆይ» እና አንድ «ሰላም ለኪ» እጅግ በዝግታ መድገም ነበር። አምስቱንም ዐሥርት (ዐሥር ዐሥር «ሰላም ለኪ» ያለባቸውን ክፍሎች) ተሯሩጦ ከመጨረስ አንዱን ዐሥርት ብቻ፣ በእያንዳንዱ «ሰላም ለኪ» መካከል አንድ ትንፋሽ አርፈሽ፣ ወደ ሥራ በምትሄጂበት ታክሲ ውስጥ ድገሚ። ሐሳብሽ ወደ ሂሳቡ ከሸሸ፣ የሸሸበትን ነገር ራሱን ለእመቤታችን ንገሪያት፤ ከዚያ ቀጥዪ።

ከግድግዳ ጋር ማውራት ያልሽው ላይ እናዝግም። ከ1896 የትንሣኤ በዓል ጀምሮ እስከሞተችበት እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1897 ድረስ ተሬዛ ጨለማ ውስጥ ነበረች። የመንግሥተ ሰማያት ነገር ስታስብ የሚሰማት ደስታ ሁሉ ጠፋ። በእርሷ አነጋገር መጋረጃ አይደለም፣ እስከ ሰማይ የቆመ ግንብ ነበር። አጠገቧ የነበሩት ግን ግጥሞቿን እያነበቡ በብርሃን የተሞላች ይመስላቸው ነበር። ምን አደረገች? ስለ ጥርጣሬው ከመከራከር ይልቅ ወደ ኢየሱስ ሮጠች፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ያደረግኩት የእምነት ኑዛዜ በሕይወቴ ሙሉ ካደረግኩት ይበልጣል አለች። ጸሎተ ሃይማኖትን በደሟ ጽፋ ደረቷ ላይ ይዛ ነበር። የደሙን ነገር ተይው፤ በእስክሪብቶ ጽፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢው። ጭለማው ሲከብድሽ አንዴ አንብቢው፣ እሱ ይበቃል። ስሜት ሲጠፋ ጸሎት ጠፋ ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ እንቅልፍና ምግብም አብረው ከጠፉ፣ ደስ ይልሽ የነበረው ሁሉ ካስጠላሽ፣ ወይም መኖር የሰለቸሽ ከሆነ ነገሩ እንዲህ ያለ የመንፈስ ጨለማ ብቻ አይሆንምና ሐኪም ዘንድም ሂጂ። ደብዳቤሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ምልክት አላየንም፤ ማለት ስለሚገባን አልን።

አሁን ወደ ወንድምሽ ሚስት። ትንሿ መንገድ የምትፈተነው እዚህ ነው።

ገዳሙ ውስጥ ተሬዛን በሁለመናዋ፣ በአነጋገሯም በአመሏም፣ የማትስማማት አንዲት እኅት ነበረች። ተሬዛ ያደረገችው አራት ነገር ነው፤ ቅደም ተከተሉም ትርጉም አለው። ባገኘቻት ቁጥር በመጀመሪያ ትጸልይላታለች፤ ከዚያ የምትችለውን አገልግሎት ታደርግላታለች፤ ክፉ መልስ ሊያመልጣት ሲል ፈገግ ብላ ወሬ ትለውጣለች፤ የማትችለው ሲሆን እንደ ከዳ ወታደር ትሸሻለች። አንድ ቀን ያቺ እኅት እኔን ባየሽኝ ቁጥር የምትስቂው፣ ወደ እኔ የሚስብሽ ምንድን ነው ብላ እስክትጠይቃት ድረስ። አንቺ ከአራቱ ሦስተኛውን ብቻ ወሰድሽ። ጸሎት ያልቀደመው ፈገግታ ጥርስ ማሳየት ነው፤ የሚታይበት ሰውም ያውቀዋል፣ ያናድደዋልም።

አራተኛው፣ ሽሽቱ፣ በእኛ አገር አደጋ አለው፤ ኩርፊያ ይሆናል። ተሬዛ አንድ ጊዜ በቁልፍ ምክንያት ከአንዲት እኅት ጋር ተጋጨች። እመ ምኔቷ ታማ ተኝታ ሳለ በሩ ላይ የነበረው ክርክር ቀሰቀሳት፣ ጥፋቱም በተሬዛ ላይ ወደቀ። ራሷን ልትከላከል አሰኛት፤ ሰላሟን እንደምታጣ ስላወቀች ጥላ ሄደች። ልቧ እጅግ ይመታ ስለነበር ሩቅ መሄድ አቅቷት ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ይህ ሽሽት ነው። ሽሽት ደቂቃዎችን ይወስዳል፣ ልብ ሲረጋ ይመለሳል፤ ለሚቀጥለው ምግብ ገበታው ላይ ይገኛል። ኩርፊያ ግን ሌላው እስኪመጣ ይጠብቃል፣ ቀን ይቆጥራል። አሁን ያላችሁበት ይህ ነው፤ ስለዚህ ሌላው ምክራችን ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ይቅርታ መጠየቅ ያስፈልግሻል። አጭር ይሁን፦ «የዚያን ቀን መጮኼ ልክ አልነበረም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።» «ግን አንቺም…» የሚለውን አትጨምሪ፤ ሙሉውን ያበላሸዋል። ስለ ተሬዛም፣ ስለ መሥዋዕትሽም አትንገሪያት፤ አንቺ መስቀሌ ነሽ የተባለ ሰው ደስ አይለውም። በወንድምሽ በኩልም አትላኪባት።

ከዚያ በኋላ 15ቱን ተይና አንድ ብቻ ያዢ። ተሬዛ፣ «እኅት ቅዱስ ጴጥሮስ» የምትባል አንዲት አሮጊትና ሕመምተኛ ገዳማዊትን በየማታው፣ ለዐሥራ ሁለት ሰዓት ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ ከጸሎት ቤት ወደ ምግብ ቤት ትወስዳት ነበር። ለማንም የማትመች ሴት ነበረች። ወንበሯ በራሷ መንገድ መያዝ አለበት፣ መቸኮል የለም፣ ቀበቶዋን ከኋላ ይዞ መከተል ነው። ጥቂት ስታደናቅፋት «ትሮጫለሽ፣ ልትሰብሪኝ ነው»፤ ስትዘገይላት «እጅሽ አይሰማኝም፣ ለቀሽኛል፣ ልጅ ነሽ ብዬ ነበር» ትላታለች። ከደረሱ በኋላ እጅጌዋ በእርሷ ልክ መታጠፍ ነበረበት። ተሬዛ ሁሉንም እንደተባለችው አደረገች። ቀጥላም አሮጊቷ ዳቦ መቁረስ እንደሚያስቸግራት አስተዋለችና ሳትጠየቅ ቆርሳላት ትሄድ ጀመር። ከመሄዷ በፊት ፈገግ ትልላት ነበር። የአሮጊቷን ልብ የማረከው ያልተጠየቀው ዳቦና ያ ፈገግታ ነው።

ያንቺ «ዳቦ» ምንድን ነው? ለአንድ ሳምንት ምንም ሳታደርጊ የወንድምሽን ሚስት ብቻ ተመልከቻት። በቀኑ የትኛው ሰዓት ይከብዳታል? ማታ እንጀራ ስታቀርብ? ጠዋት ቡና ስታፈላ? ቪዲዮውን ጮክ የምታደርገው ብቻዋን ስለምትውል ይሆን? በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር፣ አንድ ሰዓት ምረጪ፤ ለምሳሌ ከእራት በኋላ ዕቃውን ማጠብ። በእርሷ መንገድ አድርጊው፤ ብርጭቆው በስተግራ ይደረደር ካለች በስተግራ ይደርደር። የሚከብደው ዕቃ ማጠቡ አይደለም፤ «እንዲህ አይደለም» የሚለውን ችሎ በሚቀጥለው ማታ መመለስ ነው። ሁለት ቀን ብትዘነጊ በሦስተኛው ዝም ብለሽ ቀጥዪ፤ ማካካሻ የሚባል ነገር የለም። ከወር በፊት ሁለተኛ ነገር አትጨምሪ።

ስለ ቪዲዮው ሁለት መንገድ አለሽ። የመጀመሪያው በደኅና ሰዓት፣ ሳትናደጂ፣ «ከ12 ተኩል እስከ 12፡45 ጸሎት ላይ ነኝ፣ ትንሽ ትቀንሺልኝ?» ማለት ነው። ተሬዛ የሄደችው በሌላው ነው። በጸሎት ሰዓት ከኋላዋ የምትቀመጥ እኅት አንድ የሚያስጨንቅ ቀጭን ድምፅ ታሰማ ነበር። ዘወር ብላ ብታያት ድምፁ እንደሚቆም ታውቃለች፤ አልዞረችም። ድምፁን ልትረሳው ብትሞክር ላብ አጠመቃት። በመጨረሻ ድምፁን እንደ ጥሩ ዜማ አድርጋ ማዳመጥ፣ ያንንም ለኢየሱስ ማቅረብ ጀመረች። ጸሎቷ የሰላም ጸሎት እንዳልነበር ሳትደብቅ ጽፋለች። እኛ በመጀመሪያው እንድትጀምሪ እንመክራለን፤ እምቢ ካለችሽ ሁለተኛው አለልሽ። መጠየቅ ከትንሿ መንገድ አያወጣም። ተሬዛ ራሷ ከ1893 ጀምሮ ጀማሪዎቹን ስታግዝ፣ ሺህ ጊዜ መወቀስ መውቀስን ያህል አይከብደኝም እያለች፣ መናገር ያለባትን ትናገር ነበር። ስድቡ አልፎ እጅ ማንሣት ቢመጣ ወይም ደመወዝሽን መንካት ቢጀመር ግን ዕቃ እያጠብሽ የምትችዪው ነገር አይደለም፤ ለወንድምሽ ወዲያው ትነግሪዋለሽ።

ጾሙን በተመለከተ፤ በቤተ ክርስቲያን የታዘዘውን ጾም ከነፍስ አባትሽና ከሐኪምሽ ጋር ተነጋግረሽ ያዢ፤ በራስሽ የጨመርሽውን ዛሬውኑ አቁሚ። ጨጓራ ያለበት ሰው መድኀኒቱን በሰዓቱ፣ ሐኪሙ ምግብ ካዘዘለትም ከምግብ ጋር ይወስዳል። ተሬዛ በአንድ ወቅት የሚወጋ ትንሽ የብረት መስቀል ደረቷ ላይ አድርጋ ታመመች፤ ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለው ቅጣት ለእርሷም ለእንደርሷ ትንንሾች እንዳልሆነ ተረዳች። አንድ ነገር ግን እንዳትከተያት እንፈልጋለን፦ በኤፕሪል 1896፣ በጸሎተ ሐሙስ ሌሊት፣ ደም ከተፋች በኋላ ለእመ ምኔቷ ነግራ ጾሙን እንድትቀጥል ለመነች፤ ተፈቀደላትም። የሳንባ ነቀርሳ ነበር። በ24 ዓመቷ ሞተች። ቅዱሳን የሠሩት ሁሉ ለሁሉም ሰው የሚሆን ትእዛዝ አይደለም።

ገዳሙ? ከወንድምሽ ሚስት ለመሸሽ ከሆነ አትሂጂ፤ እዚያም ታገኚያታለሽ፣ ያውም በጸሎት ሰዓት ከኋላሽ ተቀምጣ። ጥሪው ከዚህ ጠብ በፊት ከነበረና እርቁ ከወረደ በኋላም ከቀጠለ ለቁምስናሽ ካህን ተናገሪ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ያህል ከአንድ የነፍስ አባት ጋር ተመካከሪበት። ተሬዛም ኖቬምበር 20 ቀን 1887 ሮም ድረስ ሄዳ ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እግር ሥር ብትንበረከክም የተሰጣት መልስ አለቆችሽ የሚሉሽን አድርጊ የሚል ነበር። ጠበቀች።

ኑዛዜ ስትገቢ የጮኽሽባትን አንድ ጊዜ ተናዘዢው፤ በየሳምንቱ አትድገሚው። የ15ቱን ዝርዝር ጉድለት ይዘሽ አትግቢ። ደብተሩን ደግሞ አትቅደጂው፤ 19 ቀን የሞላው ጥቂት ገጽ ነው። የቀረውን የቤቱን ወጪ መመዝገቢያ አድርጊና ለወንድምሽ ሚስት ስጫት፤ ዓምዱን መስመር አስምረሽ።